ርቀት ስበትን ያሳሳል እንጂ አይቆርጥም

(በመርካቶ ሶማሌ ተራ ለነጋዴዎች፣ ለመካኒኮችና ለተማሪዎች ከተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

የጋበዙኝ ሰዎች «ቀለል አድርገህ ንገረን፣ ግን አታቅልለው» ብለውኛል። እንዳሉኝ ለማድረግ እሞክራለሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ፕላኔቶችና ጨረቃዎች እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ፤ ርቀታቸው ሲጨምር ይህ ስበት ምን ይሆናል? በየቡና ቤቱ ሁለት መልስ ይሰማል። አንደኛው «ከመሬት ወጣ ካሉ ስበት የለም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ትልቅ የሆነ ሁሉ ከትንሹ ይልቅ ይስባል» የሚል ነው። የመጀመሪያው ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ግማሽ እውነት ስለሆነ የበለጠ ያሳስታል። የኔ አሳብ ይህ ነው፦ ርቀት ስበትን ያሳሳል እንጂ አይቆርጥም፤ የሚያሳሳበትም መጠን የታወቀ ነው፤ ይህን መጠን የያዘ ሰው ጨረቃ ለምን ከእኛ ጋር እንደቀረች፣ ባሕር ለምን እንደሚሞላና እንደሚጎድል፣ በሩቅ ሰማይ ያለች አንዲት ጨረቃ ለምን እሳት እንደምትተፋ በአንድ መንገድ ሊረዳ ይችላል።

ንግግሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። በመጀመሪያ ስበት በርቀት የሚሳሳበትን ልክ እናያለን። ቀጥለን «ፀሐይ ይህን ያህል ግዙፍ ከሆነች ጨረቃችንን ለምን አትነጥቀንም?» የሚለውን ጥያቄ እናነሣለን። በመጨረሻም ርቀት ከስበቱ ይልቅ አብዝቶ ስለሚጫወትበት ነገር፣ ማለትም በቅርብና በሩቅ ጎን መካከል ስላለው የስበት ልዩነት እንነጋገራለን።

ወደ መጀመሪያው ክፍል ልግባ። እዚህ ሰፈር የመኪና ኮፈን ቀለም ሲረጭ ያላየ የለም። ቀቢው የመርጫውን አፍ ከላሜራው አንድ ስንዝር አርቆ ቢረጭ ቀለሙ ትንሽ ቦታ ላይ ወፍሮ ያርፋል። ሁለት ስንዝር ቢያርቀው የሚረጨው ቦታ በቁመትም በወርድም እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ስፋቱ አራት እጥፍ ነው። ቀለሙ ግን ያው ስለሆነ ውፍረቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሦስት ስንዝር ሲሆን ስፋቱ ዘጠኝ እጥፍ፣ ውፍረቱ አንድ ዘጠነኛ ይሆናል። ስበትም የሚሳሳው በዚሁ ሒሳብ ነው፦ ርቀቱን በራሱ አባዙት፤ ስበቱ በዚያ ቁጥር ተካፍሎ ያንሳል። እጥፍ ከራቅን ሩብ፣ አሥር እጥፍ ከራቅን አንድ መቶኛ ይሆናል። ምሳሌው የሚያገለግለን እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው፤ ቀለም መንገድ ላይ ይደርቃል፣ ነፋስም ይወስደዋል። ስበትን ግን የሚያስቀር መጋረጃ የለም። ምንም ያህል ብንርቅ ሲካፈል ሲካፈል ይሄዳል እንጂ ዜሮ አይደርስም።

ይህን ሕግ እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም አቀረበው። እሱ ከማሳተሙ በፊት ሌሎችም ጠርጥረውት ነበር። ኤድመንድ ሃሊ የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ በ1684 እ.ኤ.አ. ወደ ኒውተን ሄዶ «ስበት በዚህ ልክ ቢሳሳ የፕላኔት መንገድ ምን ቅርጽ ይኖረዋል?» ብሎ ጠየቀው። ኒውተን ሞላላ ክብ እንደሚሆን አስቀድሞ አስልቶት ነበር። መጽሐፉ የተጻፈው በዚህ ጥያቄ ቆስቋሽነት ነው፤ የማሳተሚያውንም ወጪ የሸፈነው ሃሊ ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ርቀት የሚለካው ከመሬት ገጽ ሳይሆን ከመሬት እምብርት ነው። እኛ አሁን ከመሬት እምብርት ወደ 6,371 ኪሎ ሜትር ርቀን ቆመናል። ስለዚህ ተራራ መውጣትና ፎቅ መውጣት ስበትን እምብዛም አይቀንሱትም። እምብዛም አልሁ እንጂ ጨርሶ አይቀንሱትም አላልሁም። እናንተ የምትሸጡት መለዋወጫ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል። ጅቡቲ ከባሕር ወለል እኩል ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ትላለች። አንድ ቶን፣ ማለትም አሥር ኩንታል የሚመዝን የጭነት መኪና ሞተር ከወደቡ ተጭኖ መርካቶ ሲደርስ፣ በርቀቱ ሒሳብ ብቻ ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ይቀልላል። ሃያ ቶን የጫነ ኮንቴይነር 15 ኪሎ ያህል ያጣል ማለት ነው። ሾፌሩን አትጠርጥሩት፤ ከዕቃው የጎደለ ብሎን የለም።

እንግዲህ ነጋዴ የሆነ ሰው «በየትኛው ሚዛን?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። በሁለት ሳህን ሚዛን ብትመዝኑት ምንም ለውጥ አታዩም፤ ምክንያቱም በአንዱ ሳህን ያለው ብረትም፣ በሌላው ሳህን ያለው የመመዘኛ ድንጋይም እኩል ቀልለዋል። በሞላ ሚዛን ከመዘናችሁት ግን ልዩነቱ ይታያል፤ ሞላው የሚለካው መሬት ዕቃውን የምትስብበትን ጉልበት ነውና። በዚህ ምክንያት ጉልበትን የሚለኩ ረቂቅ ሚዛኖች በሚሠሩበት ከፍታ ላይ መስተካከል ይኖርባቸዋል። በሳይንስ ቋንቋ ከጅቡቲ እስከ መርካቶ ያልተለወጠው የብረቱ መጠነ ቁስ ይባላል፤ የተለወጠው ክብደቱ ነው።

አሁን ከፍ እንበል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር አስወነጨፈች። ሳተላይቷ 70 ኪሎ ገደማ ስትሆን መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ እዚሁ እንጦጦ ላይ ነበር። ከመሬት ገጽ 630 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትዞር ነበር፤ ይህ በባቡር ጅቡቲ ለመድረስ ከምንሄደው መንገድ ያነሰ ነው። እዚያ ስበት የለም? ሒሳቡን እንሥራው። ከመሬት እምብርት የነበራት ርቀት 7,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 6,371 ለ7,000 ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ 0.83 ይሆናል። ስለዚህ እዚያ ያለው ስበት እዚህ ሶማሌ ተራ ካለው 83 ከመቶ ነው። ሰባ ኪሎዋ ሳተላይት 58 ኪሎ የሚመዝን ያህል ትሳብ ነበር። ታዲያ ለምን አልወደቀችም? እየወደቀች ነበር! በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል እየሮጠች ትወድቅ ስለነበር፣ ወደ ታች በወረደች ቁጥር የመሬት ገጽ ደግሞ ከሥሯ እየጎበጠ ይሸሻት ነበር። አንድ ዙር ለመጨረስ 97 ደቂቃ ያህል ይፈጅባት ነበር። የጠፈር ተጓዦች ሲንሳፈፉ የምናየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መንኮራኩሩም እነሱም አብረው ስለሚወድቁ ወለሉ እግራቸውን አይገፋውም።

ከሳተላይቷ አልፈን ጨረቃ ዘንድ እንድረስ። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ይህ የመሬት እምብርት ከገጿ ያለውን ርቀት 60 ጊዜ ያህል ነው። ስድሳን በስድሳ ብናባዛ 3,600 ይመጣል። ስለዚህ የመሬት ስበት ጨረቃ ዘንድ ሲደርስ እዚህ ካለው አንድ ሦስት ሺሕ ስድስት መቶኛ ይሆናል። ይህ ቁጥር አንድ ደስ የሚል ነገር ያስከትላል። እዚህ ከጣሪያ ላይ የለቀቅነው ብሎን በመጀመሪያዋ ሰከንድ 4.9 ሜትር ይወድቃል። ጨረቃ ደግሞ ቀጥ ብላ ብትሄድ ከምትይዘው መስመር ወደ እኛ 4.9 ሜትር ለመውደቅ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይፈጅባታል። ብሎኑ በሰከንድ፣ ጨረቃ በደቂቃ፤ ልዩነቱ ስድሳ ነው፣ ርቀቱም ስድሳ ነው። በዚያችው ደቂቃ ጨረቃ 61 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ትጓዛለች።

ኒውተን ይህን ያሰላው ገና በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ፣ ወረርሽኝ ዩኒቨርሲቲውን አዘግቶ ወደ እናቱ ቤት በመለሰው ጊዜ ነው። ያኔ የመሬትን ግዝፈት በትክክል አያውቅም ነበርና ሒሳቡ ተቀራረበለት እንጂ አልገጠመለትም። በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ፒካር መሬትን በተሻለ ልኬት ለካ፤ ውጤቱም በ1671 እ.ኤ.አ. ታተመ። በዚህ ልኬት ሲሠራ ብሎኑና ጨረቃ ለአንድ ሕግ የሚገዙ መሆናቸው ታየ። ልብ በሉ፤ ሕጉ ትክክል ነበር፣ የጎደለው ርቀቱ ነበር።

ከመጀመሪያው ክፍል ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ጨረቃ ከመሬት 81 ጊዜ የቀለለች ናት። እዚያ ብንቆም ክብደታችን 81 ጊዜ ይቀንሳል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል፤ የሚቀንሰው ግን ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። ምክንያቱ ጨረቃ ትንሽ ስለሆነች፣ በላይዋ የቆመ ሰው ለእምብርቷ በጣም ቅርብ መሆኑ ነው። በተቃራኒው ሳተርን የመሬትን 95 እጥፍ መጠነ ቁስ ይዟል፤ ነገር ግን በጣም የተነፋ ስለሆነ በደመናው ጫፍ ላይ ያለው ስበት ከእኛው ብዙም አይለይም። ርቀት የትንሹን ጉልበት አጉልቶ፣ የትልቁን ደግሞ አለዝቦ ያሳየናል።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። ፀሐይ ከመሬት 333,000 ጊዜ ትከብዳለች። ከጨረቃ የምትርቀው ደግሞ እኛ ከጨረቃ ከምንርቀው 389 ጊዜ ያህል ነው። 389 በራሱ ሲባዛ 151,000 ገደማ ነው። 333,000ን ለዚህ ብናካፍል ሁለት ከምናምን ይወጣል። ትርጉሙን አስተውሉ፦ ፀሐይ ጨረቃችንን የምትስባት መሬት ከምትስባት ከእጥፍ በላይ አጥብቃ ነው! ይህን ለተማሪዎች ስናገር ሁልጊዜ አንድ ጠያቂ ይነሣል፤ «ታዲያ ለምን አልወሰደቻትም?»

መልሱ ፀሐይ ጨረቃን ብቻ ለይታ አለመሳቧ ነው። መሬትንም ትስባለች፤ መሬትና ጨረቃ ከፀሐይ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ስለሆነ ሁለቱንም በእኩል ፍጥነት ለማለት በሚያስደፍር መጠን ወደ ራሷ ታጎብጣቸዋለች። አብረው ስለሚጎብጡ አይለያዩም። ጨረቃን ከእኛ ሊነጥል የሚችለው የፀሐይ ስበት ራሱ ሳይሆን፣ ለመሬት ከሰጠችው ለጨረቃ የሰጠችው የሚበልጥበት ወይም የሚያንስበት ትርፍ ነው። ያ ትርፍ በጣም ትንሽ ነው፤ የመሬት ስበት ያለ ችግር ያሸንፈዋል። ትርፉ የመሬትን ስበት መርታት የሚጀምረው ከእኛ አንድ ሚሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ከተራቀ በኋላ ነው። ጨረቃ በዚያ አጥር ሩብ ላይ ስለምትዞር የእኛ ሆና ቀርታለች።

ርቀት ጨረቃ ለማን እንደምትሆን ብቻ ሳይሆን በስንት ቀን እንደምትዞርም ይወስናል። እዚህ መርካቶ በአንዋር መስጊድ በኩል የረመዳን ጨረቃ ትጠበቃለች፤ በራጉኤል በኩል ደግሞ በባሕረ ሐሳብ የጨረቃ ሌሊት ተቆጥሮ የጾምና የበዓል ቀን ይወጣል። ሁለቱም የሚመኩት ከጨረቃ ልደት እስከ ጨረቃ ልደት 29 ቀን ተኩል ያህል በመኖሩ ነው። ይህ ቁጥር ከርቀቷ የመነጨ ነው። ጨረቃ አሁን ካለችበት በግማሽ ብትቀርብ ስበቱ አራት እጥፍ ይሆንና፣ ከመንገዱ ማጠር ጋር ተደምሮ ወሩ ወደ አሥር ቀን ይወርድ ነበር። እጥፍ ብትርቅ ደግሞ አንድ የጨረቃ ወር 98 ቀን ያህል ይወስድ ነበር። ቀን መቁጠሪያችን የጨረቃ ርቀት ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

በርቀት ላይ የሳቢው ግዝፈት ሲጨመር ምን እንደሚሆን ለማየት ጁፒተርን እንይ። ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. በመነጽሩ አራት ጨረቃዎቹን አየ። ከአራቱ ለጁፒተር የምትቀርበው አዮ 421,700 ኪሎ ሜትር ትርቀዋለች፤ ጨረቃችን ከእኛ ከምትርቀው እምብዛም አይበልጥም። ጨረቃችን አንድ ሙሉ ዙር ለመጨረስ 27 ቀን ሲፈጅባት (ከልደት እስከ ልደት ያለው ጊዜ ከዙሩ ጥቂት ይረዝማል) አዮ ግን በ42 ሰዓት ተኩል ዞራ ትጨርሳለች። ጁፒተር ከመሬት 318 ጊዜ ስለሚከብድ፣ በተቀራራቢ ርቀት ላይ ይህን ያህል አጥብቆ ይስባታል። ከአራቱ የመጨረሻዋ ካሊስቶ ደግሞ 1,883,000 ኪሎ ሜትር ስለራቀች ያንኑ ጁፒተር ለመዞር 17 ቀን ያህል ይወስድባታል። ሳቢው አንድ ነው፤ ሁለቱን የለያያቸው ርቀት ነው።

አሁን ሦስተኛውን ክፍል፣ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደስተኝን ልጀምር። ጅቡቲ ወደብ የሄዳችሁ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሞላና ሁለት ጊዜ ሲጎድል አይታችኋል፤ ሙላቱ ሲበረታ በሞላና በጎደለ ውሃ መካከል ያለው ልዩነት በሰው ቁመት ልክ ይደርሳል። በሁለቱ ሙላት መካከል 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል አለ። ይህን በዋናነት የምታደርገው ጨረቃ ናት። ግን ቀደም ብለን ባየነው ሒሳብ ፀሐይ መሬትን የምትስባት ጨረቃ ከምትስባት 178 ጊዜ ያህል አጥብቃ ነው። ለምን ባሕሩ ለብርቱዋ ሳይሆን ለደካማዋ ይታዘዛል?

ባሕርን የሚያስነሣው ስበት ሳይሆን የስበት ልዩነት ስለሆነ ነው። መሬት ከጫፍ እስከ ጫፍ 12,742 ኪሎ ሜትር ወርድ አላት። ወደ ጨረቃ የዞረው ጎን ለጨረቃ ቅርብ ስለሆነ ከሩቁ ጎን ይልቅ 7 ከመቶ ያህል አብዝቶ ይሳባል። ቅርቡ ባሕር ከመሬት ቀድሞ ይሳባል፤ መሬት ደግሞ ከሩቁ ባሕር ቀድማ ትሳባለች። ስለዚህ ውሃው በሁለቱም በኩል ያብጣል፤ ሁለት ሙላት የመጣው ከዚህ ነው። ፀሐይስ? እሷ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለራቀች የመሬት ወርድ ለእሷ ከምንም አይቆጠርም፤ በቅርቡና በሩቁ ጎን መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ ሁለት መቶኛ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የጨረቃን ስበት አንድ ብንለው ልዩነቷ 0.07 ነው። የፀሐይ ስበት 178 ቢሆንም ልዩነቷ 0.03 ብቻ ነው። ጨረቃ ከእጥፍ በላይ በለጠች! አጠቃላዩ ሕግ ይህ ነው፦ ርቀት እጥፍ ሲሆን ስበት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የስበት ልዩነት ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ልዩነት ከስበቱ ቀድሞ ይደክማል።

ይህን ካወቅን ጣና ለምን እንደ ጅቡቲ ባሕር እንደማይሞላ ግልጽ ነው። ጣና በረጅሙ በኩል 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር ጨረቃ የምታሳየው የስበት ልዩነት እጅግ ትንሽ ስለሆነ በዓይን የሚታይ ሙላት አይኖርም። ሕንድ ውቅያኖስ ግን በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተዘርግቷል። ጨረቃ ለጣና የምትሰጠው ስበት ለውቅያኖሱ ከምትሰጠው አያንስም፤ ያነሰው የሐይቁ ስፋት ነው። በነገራችን ላይ ይህ አሁን የተቀመጣችሁበት ምድር ራሱ በጨረቃና በፀሐይ ምክንያት በቀን ሁለት ጊዜ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል። ሱቁም መንገዱም ሚዛኑም አብሮ ስለሚነሣ ግን ማንም አያውቅበትም።

የጨረቃ ርቀት ደግሞ ቋሚ አይደለም። መንገዷ ሞላላ ስለሆነ አንዳንዴ ወደ 363,000 ትቀርባለች፤ አንዳንዴ ወደ 405,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ርቀቷ በዚህ መጠን ሲለዋወጥ ስበቷ በሩብ ያህል፣ ባሕር የሚያነሣው ልዩነቷ ደግሞ በ40 ከመቶ ገደማ ይለዋወጣል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ በላሊበላና በአካባቢው ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ ታይቶ ነበር። ጨረቃ ልክ በፀሐይ ፊት ቆማ ሳለ ሙሉ በሙሉ አልሸፈነቻትም፤ በዙሪያዋ ቀጭን የእሳት ቀለበት ቀረ። ያን ዕለት ጨረቃ ጥቂት ሺሕ ኪሎ ሜትር ብትቀርብ ኖሮ ላሊበላ በጠራራ ማለዳ ትጨልም ነበር።

የስበት ልዩነት ባሕርን ከማንሣት የበለጠ ኃይል ያለው ለግዙፍ ፕላኔት በቀረቡ ጨረቃዎች ላይ ነው። ወደ አዮ እንመለስ። ዩሮፓና ጋኒሚድ የተባሉት እኅቶቿ በየዙሩ እየጎተቱ መንገዷን ሞላላ አድርገው ያቆዩታል፤ ስለዚህ ለጁፒተር ያላት ርቀት ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ስትቀርብ አብልጣ ትለጠጣለች፤ ስትርቅ ትመለሳለች። ጠጣር ገጿ እስከ 100 ሜትር ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ መታሸት ውስጧን ያግላል። ስታንተን ፒል የተባለ ሳይንቲስትና ሁለት ባልደረቦቹ በ1979 እ.ኤ.አ. «አዮ ውስጧ ቀልጦ ይሆናል» ብለው ጻፉ። ጽሑፉ በወጣ በቀናት ውስጥ ቮዬጀር 1 የተባለችው መንኮራኩር በአጠገቧ አልፋ እሳተ ገሞራዎቿን ፎቶ አነሣች። የእኛ ኤርታሌ የሚፈላው ከመሬት ከራሷ ሆድ በሚወጣ ሙቀት ነው፤ የአዮን እሳት የሚያነደው ግን የርቀት መለዋወጥ ነው። ካሊስቶ በዚያው ጁፒተር ሥር ሆና ሳለ ከሩቅ ስለምትዞር ቀዝቅዛ ተቀምጣለች።

ርቀት ራሱም በዚህ መታሸት ይለወጣል። አፖሎ 11 በ1969 እ.ኤ.አ. ጨረቃ ላይ ባስቀመጠው መስተዋት ላይ ሌዘር እየተላከ ርቀቷ ይለካል፤ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር እየራቀች መሆኗ ታውቋል። ጨረቃ ያሳበጠችው ባሕር፣ መሬት በፍጥነት ስለምትሽከረከር ጨረቃን ቀድሞ ይሄዳል፤ ወደ ፊትም ይጎትታታል። በዚህ ጉተታ የመሬት ሽክርክር ይዘገያል፣ ጨረቃም ወደ ላይ ትወጣለች። የማርስ ጨረቃ ፎቦስ ዕጣዋ ተቃራኒ ነው። ከማርስ ገጽ 6,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ ስምንት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ትዞራለች፤ ማርስ ከምትሽከረከረው ትፈጥናለች። ስለዚህ ጉተታው ወደ ኋላ ሆኖባት በመቶ ዓመት ወደ ሁለት ሜትር ትወርዳለች። በአሥር ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ዓመታት በኋላ በጣም ስትቀርብ የስበቱ ልዩነት ይበታትናታል ተብሎ ይጠበቃል።

ወደ ማጠቃለያዬ ደርሻለሁ። አንዳንድ ጊዜ «ፕላኔቶች ሊሰለፉ ነው፣ ምድር ትናወጣለች» የሚል ወሬ ይነዛል። አሁን ይህን ወሬ መመዘን ትችላላችሁ። ጁፒተር በጣም በቀረበን ጊዜ እንኳ የሚስበን የጨረቃን አንድ ዘጠናኛ ያህል ነው። ምድርን ሊያናውጥ የሚችለው የስበት ልዩነቱ ደግሞ ከጨረቃ አንድ መቶ ሺሕኛ አይሞላም። ትንሿ ቬነስ በስበት ከጁፒተር ታንሳለች፤ ስለምትቀርበን ግን በልዩነት ትበልጠዋለች፤ እሷም ከጨረቃ አንድ አሥር ሺሕኛ አትደርስም። ፕላኔቶቹ ሁሉ ቢሰለፉ ጨረቃ በየወሩ በመቅረብና በመራቋ ከምታመጣው ለውጥ ጋር አይወዳደሩም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ያህል ይከብዳል? ምን ያህል ይርቃል? የተወራውስ ስለ ስበቱ ነው ወይስ ስለ ልዩነቱ?

ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ልስጥ። ለጥቂት ወራት በየሙሉ ጨረቃው፣ በአንድ ስልክ፣ ማጉያውን ሳትለውጡ ጨረቃን ፎቶ አንሡ፤ ከዚያም ወርዷን በማስመሪያ ለኩ። ወርዷ በዛ ካለ ቀርባለች፤ አነስ ካለ ርቃለች። ትልቁን ወርድ ለትንሹ አካፍሉና ውጤቱን በራሱ አባዙት፤ የስበቷን ለውጥ አገኛችሁት። ይህን ደግሞ በመጀመሪያው የማካፈል ውጤት አንድ ጊዜ አባዙት፤ የጅቡቲን ባሕር የሚያነሣው ልዩነት ምን ያህል እንደተለወጠ ታውቃላችሁ።